ትራፍል ፍለጋ ወጥተው የዛፍን ምስጢር ያገኙት ፕሮፌሰር

የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ኦረን ጫካ ብቅ ያለ ሰው፣ ቅርጫት ይዘው አጎንብሰው የሚዞሩ ሰዎች ማየቱ አይቀርም። ኦርኒያ የሚባለውን እንጉዳይ እየለቀሙ ነው። ከአገር ቤት የመጡት ወላጆቻችን ግን ብዙዎቹ አይነኩትም። የጅብ ጥላ ነዋ! በነገራችን ላይ ጥንቃቄያቸው ትክክል ነው፤ በደንብ የማያውቁትን እንጉዳይ መብላት ሰው ይገድላል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ መብላቱ አይደለም። ኦርኒያ ለምን ከኦረን ዛፍ አይርቅም? ስሙስ ለምን በዛፉ ስም ተጠራ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንክ ጀርመን ውስጥ ድሬስደን በምትባል ከተማ በ1839 ተወለዱ። ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የዕፅዋትን ትምህርት ተማሩና በ1865 ዶክተር ሆኑ። ከዚያም እዚያው ዩኒቨርሲቲ የደረቁ ዕፅዋት ተለጥፈው የሚቀመጡበትን ክፍል እየጠበቁ፣ እያስተማሩ ብዙ ዓመት ቆዩ። መጀመሪያ የታወቁት በሌላ ጉዳይ ነው፤ ግንድ ወደ ላይ፣ ሥር ወደ ታች ሲሄድ አንዳንዱ የተክል ክፍል ለምን ወደ ጎን እንደሚያድግ መርምረው ጻፉ። በዚህም ጊዜ ከእሳቸው የበለጠ ስም ከነበራቸው ሊቃውንት ጋር ተጋጭተዋል። ተከራካሪ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል።

በ1877 ደግሞ በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚለጠፈውን፣ ብዙ ሰው ሽበት ወይም ሻጋታ የሚመስለውን ነገር አጠኑ። ይህ ነገር አንድ ፍጥረት ሳይሆን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ነው። ፍራንክ እንዲህ ያለውን አብሮ መኖር ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ ሳይባል በመጀመሪያ በአንድ ስም እንጥራው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በዚያ ዘመን ፈንገስ ማለት በሽታ ማለት ነበርና፣ ሳይፈርዱ መመልከታቸው ትልቅ ነገር ነው። በኋላ ለሠሩት ሥራ መሠረቱ ይህ ይመስለናል።

በ1881 ወደ በርሊን ተጠርተው በንጉሣዊው የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኑ። እዚያ እንዳሉ ከፕሩሲያ መንግሥት አንድ ትእዛዝ መጣላቸው። ትራፍል የሚባለው ከመሬት በታች የሚበቅል እንጉዳይ በዚያን ጊዜም እንደ ዛሬው በጣም ውድ ነበር። ፈረንሳዮች ከእሱ ጥሩ ገንዘብ ያገኙ ነበር። የፕሩሲያ መንግሥትም እኛስ አገር ለምን አናበቅለውም ብሎ አሰበና ነገሩን ለፍራንክ ሰጠ።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር፣ ትራፍሉ አልተሳካም። ፍራንክ የጀርመንን የትራፍል እርሻ አልመሠረቱም። ነገር ግን ትራፍል ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚገኝ ለማወቅ ሲቆፍሩ፣ የዛፎቹን ቀጫጭን ሥሮች በአጉሊ መነጽር አዩ። የአሎን፣ የሐዘልነት፣ የደረት ለውዝና የመሳሰሉት ዛፎች የሥር ጫፍ ሁሉ በፈንገስ ክር ተሸፍኖ አገኙት። ልክ ጣት ጓንት ውስጥ እንደሚገባ ማለት ነው። ክሩ ከላይ ሸፍኖ ብቻ አይቀርም፤ በሥሩ የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት መካከልም እየተሽሎከለከለ መረብ ይሠራል። ሥሩ ራሱ አፈሩን አይነካም። ታዲያ ዛፉ ውኃና ምግብ የሚያገኘው በምን በኩል ነው? በፈንገሱ በኩል ካልሆነ በሌላ መንገድ ሊሆን አይችልም!

ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ዛፍ ታሟል ብሎ ያልፈው ነበር። ፍራንክ ግን ከብዙ ቦታ ናሙና ሰበሰቡ። ጤነኛ፣ ጠንካራ ዛፎች ላይ ሁሉ ያው ነገር ተገኘ። በሽታ ከሆነ እንዴት የታመመው ሁሉ ጤነኛ ይሆናል? በ1885 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን ሚኮሪዛ ብለው ሰየሙት። ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ነው፤ አንዱ እንጉዳይ፣ ሌላው ሥር ማለት ነው። ፈንገሱንም ለዛፉ እንደ አጥቢ ሞግዚት አድርገው ገለጹት። ለማድላት እንዳይሆንብን፣ ካምየንስኪ የሚባሉ የፖላንድ ሊቅ ቅጠል አልባ የሆነች አንዲት ነጭ ተክል በፈንገስ አማካይነት እንደምትመገብ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጽፈው ነበር። ነገሩ የጫካ ዛፎች ሁሉ ጉዳይ ነው ብለው የተነሡት ግን ፍራንክ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ውግዘቱ መጣ። ከተቃወሟቸው አንዱ ሮበርት ሃርቲግ ናቸው፤ በዛፍ በሽታ ጥናት በጀርመን ስማቸው የገነነ ሰው። ለሃርቲግ ፈንገስ ጥገኛ ነው፤ ዛፉን ይመጠምጣል እንጂ አይመግብም። የሚገርመው ነገር፣ የሃርቲግ አባት ቴዎዶር ሃርቲግ በ1840 ገደማ በኦረን ሥር ውስጥ ያለውን ያንኑ መረብ በጥሩ ሁኔታ ሥለውት ነበር። ፈንገስ መሆኑን ግን አላወቁም ነበር። አባት ሣሉት፣ ልጅ አልቀበልም አሉ። መረቡ እስከ ዛሬ በሳይንሱ የሃርቲግ መረብ ተብሎ ይጠራል።

ፍራንክ በቃል ክርክር ብቻ አልቆሙም። የኦረን ዘር በሁለት ዓይነት አፈር ዘሩ። አንዱ ከጫካ የመጣ እንዳለ የቀረበ አፈር፣ ሁለተኛው ያው አፈር ሆኖ በሙቀት ፈንገሱ የተገደለበት ነው። በጫካው አፈር ያደጉት ችግኞች ለመለሙ፤ በሁለተኛው ያደጉት ቀጨጩ። ውጤቱን በ1892 አሳተሙ። ተቃዋሚዎች ግን ሙቀቱ አፈሩን ራሱን ለውጦት ይሆናል አሉ። ተቃውሞው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን መሣሪያ ነገሩን ጨርሶ ማረጋገጥ ይከብድ ነበር።

ፍራንክ በሁሉም ነገር ልክ ነበሩ ማለት አይደለም። በባቄላና በአተር ሥር ላይ ላለው እባጭ ባክቴሪያ በ1889 ራይዞቢየም የሚለውን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ይህ ስም ዛሬም ይሠራበታል። ባክቴሪያው ናይትሮጅንን ከአየር እንዴት እንደሚያመጣ በተነሣው ክርክር ግን በብዙው ተሳስተዋል። በ1899 በመንግሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት ሥር ለእርሻና ለደን የተቋቋመውን አዲስ የጥናት ክፍል እንዲመሩ ተሾሙ። ብዙም አልቆዩበትም። በ1900 በ61 ዓመታቸው በርሊን ላይ ዐረፉ። የሚኮሪዛው ክርክር ገና አልተዘጋም ነበር።

የዘጉት ሌሎች ናቸው። በ1950ዎቹ ሜሊንና ኒልሰን የሚባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች ምልክት የተደረገባቸውን አቶሞች በመጠቀም መንገዱን ተከታተሉት። ፎስፈረስና ናይትሮጅን ከፈንገሱ ወደ ኦረኑ ችግኝ ሲሄድ፣ ዛፉ በቅጠሉ የሠራው ስኳር ደግሞ ወደ ፈንገሱ ሲወርድ ታየ። ስለዚህ ሰጥቶ መቀበል ነው።

በመስክም የታየ ነገር አለ። የኦረን ዛፍ ከአገሩ ውጭ ወደ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ሲወሰድ በብዙ ቦታ ችግኙ ቢጫ እየሆነ ቀጨጨ። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በፖርቶ ሪኮ ደሴት ኦረን ለማሳደግ በተደጋጋሚ ተሞክሮ አልሆነም። በ1955 ከአሜሪካ፣ ከሰሜን ካሮላይና የኦረን ጫካ አፈር አምጥተው ከችግኞቹ ሥር አደረጉ። አፈሩን ያገኙት ችግኞች ተመዘዙ፤ ያላገኙት ድንክ ሆነው ቀሩ። ከአገሩ ተነቅሎ በሌላ ምድር የተተከለ ዛፍ አንድ እፍኝ የአገሩ አፈር ቢያገኝ እንዲህ ሲሆን፣ ወላጆቻችን ይህን ሲሰሙ ምን ትዝ እንደሚላቸው መገመት አይከብድም።

ፍራንክ ፈንገሱ ከሥሩ ውጭ ጓንት የሚሠራበትን ዓይነትና ወደ ሥሩ ሕዋስ ውስጥ የሚገባበትን ዓይነትም በ1887 ለይተው ስም ሰጥተዋል። የኢትዮጵያ ደጋ ዛፎች፣ ማለትም ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው፣ ፈንገሳቸው ወደ ውስጥ የሚገባ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ተጠንቷል። ስለዚህ ከጥድ ሥር ኦርኒያ አይለቀምም፤ ይህ ማለት ግን ጥዱ ብቻውን ይኖራል ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ለምን ይጠቅማል? ከኔጌቭ ጫፍ ላይ ያለውን የያቲር ጫካ እናስብ። ከ1964 ጀምሮ የተተከለ፣ አብዛኛው ኦረን የሆነ ጫካ ነው። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ 300 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በጋውን ሙሉ ጠብታ አይወርድም። አፈር ሲደርቅ ሥር ይሸሻል፤ በሥሩና በአፈሩ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። የፈንገሱ ክር ከሥሩ እጅግ ስለሚቀጥን ክፍተቱን ይሻገራል፤ ሥር የማይገባበት ጠባብ ቦታ ገብቶም እርጥበት ይፈልጋል። በካሊፎርኒያ በአሎን ችግኞች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ተቃራኒውንም አሳይቷል፤ ጥልቁ ሥር ሌሊት ከታች ያወጣውን ውኃ ዛፉ ላይኛው ደረቅ አፈር ውስጥ ላለው ፈንገስ ያካፍላል።

ሆኖም ይህ ወዳጅነት ወጪ አለው። በሻራቭ ቀን ዛፉ ውኃ እንዳይተንበት የቅጠሉን ቀዳዳ ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ስኳር መሥራቱ ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ የዛፉንም የፈንገሱንም ፍጆታ ይጨምራል። ገቢው ቀንሶ ወጪው ሲበዛ ቤት እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ድርቅ የማይችሉት ፈንገሶች ይጠፋሉ፤ እንደ ሴኖኮከም ያሉ ጥቁር ክር ያላቸው፣ ድርቅ የለመዱት ይቀራሉ። ከ2010 አካባቢ በፊት በተከታታይ በደረሰው ድርቅ በያቲር ብዙ ኦረኖች ደርቀዋል። ዛፍ እንዲተርፍ የሚሻ ሰው ከዛፉ ሥር የትኛው ፈንገስ እንዳለም መጠየቅ አለበት ማለት ነው።

በሌላ በኩል አንዳንድ ሰው ዛፎች በፈንገስ መረብ እንደ ዘመድ ይረዳዳሉ እያለ ይናገራል። በ2016 በስዊዘርላንድ የተሠራ ጥናት አንድ ረጅም ዛፍ የሠራው ካርቦን በጎረቤቶቹ ሥር እንደተገኘ አሳይቷል። ካርቦን መሻገሩ አንድ ነገር ነው፤ ዛፉ አስቦ ረዳ ማለት ሌላ ነው። ፍራንክ ሳይፈርዱ መመልከት የጀመሩት ለዚህ ነበርና፣ እኛም ባንቸኩል ይሻላል።

የፕሩሲያ መንግሥት የፈለገው ትራፍልስ? ሌላ ዘር የሆነ የበረሃ ትራፍል፣ ክመሂን የሚባለው፣ እዚሁ ኔጌቭ አሸዋ ውስጥ አለ። የሚበቅለው ከአንዲት ትንሽ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ሥር ጋር ተጣብቆ ነው። ፈንገሱ ያላት ቁጥቋጦ ከሌላት ይልቅ ድርቅን በተሻለ እንደምትቋቋም በሙከራ ታይቷል። በጥሩ ዝናብ ዓመት ክረምቱ ሲያልቅ የሚያውቁ ሰዎች ወጥተው መሬቱ ሰንጠቅ፣ እብጥ ያለበትን እያዩ በእጃቸው ቆፍረው ያወጡታል። ዝናቡ ካልመጣ ግን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።