እቴጌ ጣይቱና ንግሥት የሌለበት ሰንጠረዥ

ሽንዲ ተወልጄ ሳድግ የማውቀው ገበጣን ነበር፤ ቼዝ የተማርኩት አዲስ አበባ መጥቼ ነው። ባለፈው ክረምት ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ሰሌዳዬን ይዤ ሄድኩና ከእህቴ ልጅ ጋር ገጠምን። ሁለቴ አሸነፈችኝ። ቆመው ያዩን አንድ አዛውንት ግን ጨዋታው የወንድ ነው ብለው አለፉ። ልጅቱ ቅር አላት። ማታ የነገርኳትን ታሪክ ለአንባቢያንም ላካፍል።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሰንጠረዥ ተጫዋች ነበሩ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው ዳግም ስላገቡ፣ ከልጅነታቸው ከፊሉን ያሳለፉት እዚሁ ጎጃም፣ ደብረ መዊዕ ነው። ለሴት ባልተለመደበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ በገናም ይደረድሩ ነበር።

የጥንቱ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ ይለያል። ሰሌዳው በመስመር የተከፋፈለ ጨርቅ ነበር። ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያሰልፋሉ። ይህም ወረራ ይባላል። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ንግሥት ሳይሆን ፈርዝ ነው፤ እሱም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል።

በቤተ መንግሥቱ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ ባስነሳ ጊዜ ከጣልያን መልእክተኛ ጋር አጥብቀው ከተከራከሩት አንዷ እሳቸው ነበሩ። መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ በጥቃት አልሰበር ሲል፣ የሚጠጡበት ውኃ ይያዝ ብለው መከሩ። ጥም የጸናበት ጦር በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይም የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰለፉ።

ምኒልክ ታመው ሲተኙ ሹመትና ሽረቱን በእጃቸው አደረጉ። ይህ ግን ብዙ አልቆየም፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ከሥልጣን አገለሏቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ እንጦጦ ማርያም ተቀመጡ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ዛሬ አጽማቸው በበዓታ ከምኒልክ ጎን ይገኛል።

ልጅቱ ሰምታ ስታበቃ ምንም አላለችም። ጠጠሮቹን ደረደረችና ነጩን ለእኔ ሰጠችኝ። ሦስተኛውንም ተሸነፍኩ። ስመለስ ሰሌዳውን ሽንዲ ትቼላት መጣሁ።