ምላሳቸው የታሰረው መምህር፦ ኢማም አል-ገዛሊ

ፒያሳ፣ ኑር (በኒ) መስጂድ የዐስር ሰላትን ሰግደን ስንወጣ አንድ የሕክምና ተማሪ በጥያቄ አቆመን። ሐኪም የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በማሽን ይለካል፤ በማደንዘዣ ንቃትን አጥፍቶ ይመልሳል። ታዲያ «እኔ» የሚለው፣ የሚያውቀውና የሚሰማው ነገር አንጎል ብቻ ነው ወይ? ልጁ የጠየቀው ለክርክር አልነበረም፤ ጭንቀቱ ከፊቱ ይነበባል። በር ላይ ቆመን የምንመልሰው ስላልሆነ፣ ከ900 ዓመት በፊት በዚሁ ጥያቄ የታመሙትን ሰው ታሪክ እነሆ።

ሑጀቱል ኢስላም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) በኹራሳን፣ ጡስ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ ፈትለው የሚያድሩ ድሃ ነበሩ ይባላል፤ አቡ ሐሚድንና ወንድማቸውን አሕመድን ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጥተው ሞቱ። ወጣቱ ደረሳ ከጁርጃን ሲመለሱ ሽፍቶች ማስታወሻዎቻቸውን እንደዘረፏቸው ይተረካል። መልሱልኝ ብለው ቢለምኑ የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው፤ ከከረጢት ጋር አብሮ የሚወሰድ ዕውቀት ምን ዕውቀት ነው አላቸው። ማስታወሻው ቢመለስላቸውም ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። ሦስት ዓመት ተቀምጠው ሁሉንም በቃላቸው ያዙት።

በኒሻፑር ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ተማሩ። በ484 ሂጅራ (1091) ወዚሩ ኒዛሙል ሙልክ በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርገው ሾሟቸው፤ ገና 33 ዓመታቸው ነበር። 300 ያህል ደረሶች ከፊታቸው ይቀመጡ ነበር።

ዕውቀት ግን ዕረፍት አልሰጣቸውም። ኮከብ ለዓይን የአንድ ዲናር ታክላለች፤ ስሌት ግን ከምድር እንደምትበልጥ ያሳያል። ዓይንን አእምሮ ካረመው፣ አእምሮንስ ማን ያርመው? ሕልማችን ሕልም መሆኑን የምናውቀው ስንነቃ ነው፤ ይህ ንቃታችንስ ከሌላ ንቃት አንጻር ሕልም ቢሆንስ? ሁለት ወር ያህል በዚህ ጥርጣሬ ከማቀቁ በኋላ፣ የዳኑት በማስረጃ ድርደራ ሳይሆን አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ኢማሙን የሳይንስ ጠላት አድርገው የሚስሏቸው አሉ፤ ተሳስተዋል። ሒሳብንና የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን እንደሚጎዳ ያስጠነቀቁ ናቸው። ከፈላስፎች መጽሐፍ እውነትን መውሰድንም ከገንዘብ መንዛሪ ሥራ ጋር አመሳስለውታል፤ ዓይኑ የሠለጠነ መንዛሪ እጁን ከአታላዩ ከረጢት አግብቶ ንጹሑን ወርቅ ቢያወጣ ምንም አይጎዳም። የፒያሳን ወርቅ ቤቶች የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በረጀብ 488 (1095) ነው። የሚያስተምሩት ለአላህ ነው ወይስ ለዝና? ስድስት ወር ያህል ልሂድ አልሂድ እያሉ ተሰቃዩ። በመጨረሻ ምላሳቸው ታሰረ። ደረሶቹን ለማስደሰት አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ቢታገሉ ቃል አልወጣ አለ፤ ምግብም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞቹ መርምረው ሕመሙ ከልብ ተነስቶ ወደ አካል የወረደ ስለሆነ መድኃኒት የለንም ብለው ተስፋ ቆረጡ።

ከዚያ በኋላ የጻፉት ምሳሌ ለሕክምና ተማሪው ጥያቄ በጣም ይቀርባል። የጤንነትን ትርጉም፣ ምክንያትና ሁኔታ ማወቅ ሌላ ነው፤ ጤነኛ መሆን ሌላ። የታመመ ሐኪም ጤንነትን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ጤና ግን የለውም። በኢሕያእ ኪታባቸውም «ልብ» የሚለውን ቃል ለሁለት ከፍለዋል። አንዱ በደረት ውስጥ ያለ ሥጋ ነው፤ እንስሳም ሬሳም አላቸው፤ እሱን ማጥናት የሐኪሞች ድርሻ ነው። ሌላው የሚያውቀው፣ የሚጠየቀውና የሚወቀሰው ረቂቅ ነገር ነው። የሩሕን ምንነት ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስላልተናገሩበት እሳቸውም ዝም አሉ።

የዛሬ ሳይንስም ከዚሁ ደጃፍ ደርሶ ቆሟል። የትኛው የአንጎል ክፍል ሲሠራ ምን እንደምናይ ብዙ ታውቋል፤ ያ እንቅስቃሴ ለምን ከውስጥ የሚሰማ ነገር እንደሚሆን ግን አልተፈታም። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1995 ከባዱ የንቃተ ህሊና ችግር ያለው ይህንን ነው።

ኢማሙ ልብን በኩሬ መስለውታል። ውኃ ከውጭ በአምስት ቦዮች፣ ማለትም በስሜት ሕዋሳት፣ ይገባል፤ ቦዮቹ ተዘግተው ወለሉ ቢቆፈር ደግሞ ከሥር ይፈልቃል። ሳይማሩ ኸልዋ መግባት ግን ለከንቱ ቅዠት እንደሚያጋልጥ ሳይጠቅሱ አላለፉም።

ሀብታቸውን አከፋፍለው ወጡ። በደማስቆ ኡመያ መስጂድ ሚናራ ላይ በር ዘግተው ይቀመጡ ነበር፤ ከዚያ ቁድስ፣ ከዚያ ሐጅ። ኢሕያእ የተጻፈው በእነዚያ ዓመታት ነው። ሁሉም አልተቀበለውም፤ በአንዳሉስ ተቃጥሏል፤ ደካማ ሐዲሶች አሉበት ተብሎም ተተችቷል። ትችቱ መሠረት ነበረው፤ ሐዲሶቹን ኋላ ላይ ሓፊዝ አል-ዒራቂ አንድ በአንድ መርምረዋቸዋል።

በ499 ሂጅራ (1106) በኒሻፑር እንደገና ማስተማር ጀመሩ፤ ቀጥሎም ወደ ጡስ ተመለሱ። በ505 ጁማደል አኺር (ታኅሣሥ 1111) አንድ ሰኞ ንጋት፣ ወንድማቸው አሕመድ እንዳስተላለፉት፣ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ከፈናቸውን አስመጥተው ሳሙት፤ ዓይናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ፤ ፀሐይ ሳትወጣም አረፉ።