ፓትሪክ ስቴፕቶ፦ ለፅንስ ምርመራ በር የከፈቱት ሐኪም

በቤተሰባቸው ውስጥ በዘር የሚተላለፍ ብርቱ ሕመም ያለባቸው ባልና ሚስት፣ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ከመቀመጡ በፊት በሽታው ይኑርበት አይኑርበት በዘረመል ምርመራ ማወቅ የሚችሉበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ፅንስን ከማህፀን ውጭ ማግኘት ባይቻል ኖሮ ግን ይህ ምርመራ ባልታሰበ ነበር። መንገዱን ከጠረጉት አንዱ እንግሊዛዊው የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ዶክተር ፓትሪክ ስቴፕቶ ናቸው።

ስቴፕቶ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይበት ሲኒማ ቤት ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። ሕክምና ለንደን ተምረው በ1939 ተመረቁ። ጦርነቱ ሲነሣ በባሕር ኃይል ሐኪምነት ዘመቱ፤ በ1941 መርከባቸው ሰጥማ በጣሊያኖች ተማረኩ፤ ከምርኮ የተለቀቁት በ1943 ነው።

በ1951 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው የኦልድሃም ከተማ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያም ላፓሮስኮፒ የተባለውን ዘዴ አዳበሩ። ዘዴው እምብርት አጠገብ በምትደረግ ትንሽ ቀዳዳ ብርሃን ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ የውስጥ አካልን ማየት ነው። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው በጥርጣሬ ቢመለከቱትም እርሳቸው አልተዉትም፤ በ1967ም ስለ ዘዴው መጽሐፍ አሳተሙ።

የካምብሪጁ ተመራማሪ ሮበርት ኤድዋርድስ እንቁላልን ከሴቷ አካል በሰላም የሚያወጣ ሐኪም ሲሹ ስቴፕቶን አገኙ። ከ1968 ጀምሮ ሁለቱ ከነርሷ ጂን ፐርዲ ጋር አብረው ሠሩ። በ1971 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የገንዘብ ድጋፍ ነፈጋቸው፤ ሙከራዎቹም ለዓመታት ከሸፉ። በመጨረሻ ሐምሌ ወር 1978 ሉዊዝ ብራውን በኦልድሃም ተወለደች። እናቷ የማህፀን ቱቦዎቻቸው ተዘግተው ለዘጠኝ ዓመታት ልጅ ሲመኙ የኖሩ ሴት ነበሩ።

ዜናው በሙስሊሙ ዓለም የነሰብን ጥያቄ አስነሣ፤ ልጁ የማን ተብሎ ይጠራል? በ1980 የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼይኽ ጃዱልሐቅ ዐሊ ጃዱልሐቅ መልስ ሰጡ። ኒካሕ ባስተሳሰራቸው ባልና ሚስት መካከል ሕክምናው ሲያስፈልግ ፈቀዱ፤ የሦስተኛ ወገንን ዘር፣ እንቁላልና ማህፀን ግን ከለከሉ።

ስቴፕቶና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓመት በካምብሪጅ አቅራቢያ ቦርን ሆል የተሰኘውን ክሊኒክ ከፈቱ። ስቴፕቶ መጋቢት ወር 1988 በ74 ዓመታቸው አረፉ። በ1990 ለንደን በሚገኘው ሐመርስሚዝ ሆስፒታል፣ ከሦስት ቀን ፅንስ አንዲት ሕዋስ ተወስዳ ጾታው ከተለየ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ተወለዱ። ምርመራው የተደረገው በዋናነት ወንዶችን የሚያጠቃ የዘር በሽታ ላለባቸው ቤተሰቦች ነበር። ዛሬ በአብዛኛው በአምስተኛው ቀን ገደማ፣ የእንግዴ ልጅ ከሚሆነው የፅንሱ ውጫዊ ክፍል ጥቂት ሕዋሳት ይወሰዳሉ።

ይኸው ምርመራ ወንድ ወይም ሴት ልጅ ለመምረጥም ሊውል ስለሚችል ዑለማዎች ዳግም መከሩ። መካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ (ራቢጣ) የፊቅህ ምክር ቤት በ2007 ጾታን በሕክምና መምረጥ ከለከለ። አንዱን ጾታ ብቻ የሚያጠቃ የዘር በሽታ ሲኖር ግን፣ የሸሪዓው ደንብ ተጠብቆ እንዲፈጸም ፈቀደ።

በ2010 የኖቤል ሽልማት ለኤድዋርድስ ተሰጠ። ሽልማቱ ለሟች ስለማይሰጥ ስቴፕቶና ፐርዲ አልተካፈሉትም።