የቢሾፍቱው ስዊድናዊ አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ወደ ጄት ዘመን ከመሸጋገሩ በፊት መሠረቱን ከጣሉት የውጭ ባለሙያዎች መካከል ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም የተወለዱት ቮን ሮዘን ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቁት በ1928 ዓ.ም ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረበት ወቅት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ ወደ ሰሜኑ ግንባር ተመላልሰዋል፤ የመርዝ ጋዝ ቃጠሎም ደርሶባቸዋል። የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የነበረው ኸርማን ጎሪንግ የአክስታቸው ባል እንደነበር ሲታሰብ ይህ ምርጫቸው ይበልጥ ያስገርማል።

ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ለአሥር ዓመታት ያህል ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን በማደራጀትና አብራሪዎችን በማሠልጠን አገልግለዋል። በዚህ ጊዜ የሳፊር ማሠልጠኛዎችና ከ40 በላይ ሳብ ቢ 17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከስዊድን ተገዝተዋል። ሁሉም በፕሮፔለር የሚበሩ ነበሩ። ኤፍ 86 ሴበር የተሰኙት ተዋጊ ጄቶች ከአሜሪካ የገቡት እርሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ጄቱን ያመጡት ቮን ሮዘን ናቸው ማለት አይቻልም። ይሁንና ጄት በገንዘብም በዕርዳታም ይገኛል፤ አብራሪና መካኒክ ግን በዓመታት ሥልጠና እንጂ በአንድ ጀንበር አይገኝም። ሴበሮቹ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ኮንጎ ድረስ ሊዘምቱ የቻሉት ይህ ዝግጅት አስቀድሞ በመጀመሩ ነው።

ቮን ሮዘን ከጄት ጋር የተፋጠጡት በሌላ አገር ሰማይ ነበር። በ1960 ዓ.ም ለተራበው የቢያፍራ ሕዝብ እህል አደረሱ። በግንቦት 1961 ዓ.ም ግን ሮኬት የተገጠመላቸው 5 ትንንሽ አውሮፕላኖችን አሰልፈው ሚግ 17 ጄቶች የሚያርፉባቸውን የናይጄሪያ አየር ማረፊያዎች አጠቁ። የዕርዳታ ሰው መሣሪያ ማንሣቱ ያኔም አከራክሯል፤ ዛሬም ያከራክራል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ መኪና ለማይደርስባቸው ረሃብተኞች የእህል ከረጢት ከትንንሽ አውሮፕላኖች ሲጥሉ ቆዩ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ኃይል ጎዴን ሲያጠቃ እዚያው መሬት ላይ ሳሉ ተገደሉ። አስከሬናቸውም አዲስ አበባ አርፏል። በዚያው ወር ውስጥ የኢትዮጵያ ኤፍ 5 ተዋጊ ጄቶች ከሶማሊያ ሚጎች ጋር በኦጋዴን ሰማይ ላይ ተፋልመው የአየር የበላይነትን ጨበጡ።