ዳርዊንና የኮራል ካርታው

ዳርዊን ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጦጣ ነው። እኔ ግን ዛሬ ጦጣውን ትቼ ስለ ካርታው ላውጋችሁ። ጋዜጠኝነት ለምንማር ልጆች ካርታው ይቀርበናል ባይ ነኝ።

ቻርልስ ዳርዊን በ1809 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዝ አገር ሽሩስበሪ ከሐኪም አባት ተወለደ። ሕክምና ጀምሮ ተወው፤ ለቄስነትም ታስቦ ነበር፣ እሱም አልሆነም። በ1831 መገባደጃ፣ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ (እኩያችን ማለት ነው)፣ ቢግል በተባለችው መርከብ ተሳፈረ።

የኮራል ሪፍ በሞቃት ባሕር ውስጥ ጥቃቅን እንስሳት የሚገነቡት የኖራ ድንጋይ ግንብ ነው። ሪፍ ገንቢዎቹ የሚኖሩት ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ታዲያ በጥልቅ ውቅያኖስ መሐል ቀለበት ሠርተው የሚገኙት እንዴት ነው? ዳርዊን መልሱን ያሰበው አንድም ሪፍ በቅጡ ሳያይ፣ ደቡብ አሜሪካ ሳለ ነው። ደሴቱ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ኮራሉ በዙሪያው ወደ ላይ ይገነባል፣ ደሴቱ ሲጠፋ ቀለበቱ ይቀራል።

በ1835 ታሂቲ ላይ ተራራ ወጥቶ በሪፍ የተከበበችውን የሞሪያን ደሴት ከሩቅ አየ። በ1836 ኪሊንግ ደሴቶች ሲደርሱ የመርከቧ አዛዥ ፊትዝሮይ ሞራ የተቀባ እርሳስ በገመድ ወደ ባሕር አወረደ። ጥልቀት በሌለው ቦታ ሞራው ላይ የሕያው ኮራል ቅርጽ ታትሞ ይወጣል፤ ከ36 ሜትር ገደማ በታች ግን አሸዋ ብቻ። የዘመኑ ሳተላይት ይኸው ሞራ ነበር!

በ1842 መጽሐፉ ከዓለም ሪፎች ካርታ ጋር ወጣ። እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኞቹን ሪፎች አላያቸውም። የመርከብ አዛዦችን ካርታና ማስታወሻ እየሰበሰበ ነው የሠራው። ቀይ ባሕርን ለምሳሌ ረግጦት አያውቅም፤ ከካፒቴን ሞርስቢ ቅየሳና ከጀርመናዊው ኤረንበርግ ጥናት ወሰደ። ምንጮቹን በስም ጠቀሰ። በቂ መረጃ ያላገኘበትን የባሕር ዳርቻ ደግሞ ሳይቀባ ተወው። ስንቶቻችን ነን ባዶ ቦታ ለመተው የምንደፍር?

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት በ1972 ወደ ሕዋ ቢወጣም ምስሎቹ ለረጅም ጊዜ በገንዘብ ይሸጡ ነበር። ከ2008 ጀምሮ በነጻ ሲለቀቁ አቅም የሌለው ተመራማሪም ተጠቀመ። በ2021 አለን ኮራል አትላስ የዓለምን ጥልቀት የሌላቸው ሪፎች ካርታ ከሳተላይት ምስል ሠርቶ አጠናቀቀ። የባሕር ሙቀትም እንዲሁ በሳተላይት እየተለካ ለሁሉም ክፍት ይደረጋል። ሙቀቱ ከተለመደው የሞቃት ወራት ጣሪያ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ ይነጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ዳርዊን ያሰበው መስመጥ እጅግ ረጅም ዘመን የሚፈጅ ነበር፤ ይሄኛው ሳምንታት ይበቁታል። መረጃው መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለቀብር ነው።

ዳርዊን በ1881 በጻፈው ደብዳቤ አንድ ሀብታም ሰው ሪፍ ቢያስቆፍርለት ተመኝቶ ነበር። በዓመቱ ሞተ። ቁፋሮው የተሳካው በ1952 በኤንዌታክ ነው፣ ያውም ለኑክሌር ሙከራ በተመረጠ ስፍራ። ከ1,200 ሜትር በላይ የኮራል ድንጋይ ተበስቶ ከሥሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተገኘ።