የፊደል ቀራጩ ቦዶኒ

የላቲን ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሆኖ በመጻሕፍት ሽፋንና በማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህን መልክ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ኢጣልያዊው ጃምባቲስታ ቦዶኒ ነው።

ቦዶኒ በ1740 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሰሜን ኢጣልያ በሳሉጾ ከተማ ተወለደ። አባቱ አታሚ ስለ ነበር ሥራውን ገና በልጅነቱ ከቤቱ ተማረ። በ1758 ዓ.ም. ወደ ሮማ ሄዶ በፕሮፓጋንዳ ፊዴ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ይህ ማተሚያ ቤት በምሥራቅ ቋንቋዎች የሚያትምና በ1631 ዓ.ም. የግዕዝን ፊደል የሚያስተምር መጽሐፍ ያወጣ ነው። ለወጣቱ የተሰጠው ሥራ የቆዩትን የምሥራቅ ፊደላት መቅረጫዎች ማጽዳትና በየወገናቸው መደርደር ነበር። ሥራው ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ የቀደሙትን ሊቃውንት የእጅ ሥራ እየመረመረ መቅረጽን የለመደው በዚሁ ነው።

በ1768 ዓ.ም. የፓርማው መስፍን ማተሚያ ቤት አለቃ ሆኖ ተሾመ። በመጀመሪያ የሠራበት ፈረንሳዊው ፉርኒዬ ባወጣቸው ፊደላት ነበር፤ በ1771 ዓ.ም. ራሱ ቀርጾ ያሳተማቸው ናሙናዎችም የፉርኒዬን መልክ የተከተሉ ነበሩ። ነገር ግን በዚያ አልቀረም። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፊደል በየመጠኑ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ይቀረጽ፣ ብረቱ በመዳብ ላይ ይመታ፣ በተገኘው ጐድጓዳ ቅርጽም የቀለጠ እርሳስ ይፈስስ ነበር። ቦዶኒ በዚህ አድካሚ ሥራ ዓመታትን አሳለፈ። ጌጡን እያራገፈ፣ ጭረቱን እያቀጠነ፣ የገጹን ባዶ ስፍራ እያሰፋ የራሱን መንገድ አገኘ።

በ1806 ዓ.ም. አቡነ ዘበሰማያትን በ155 ቋንቋዎች አተመ፤ በ1808 ዓ.ም. ደግሞ የሆሜርን ኢሊያድ በግሪክኛ አወጣ። ይሁን እንጂ የፓሪስ አታሚዎች የነበሩት የዲዶ ቤተ ሰቦች በመጻሕፍቱ ውስጥ የንባብ ስሕተት እንዳለ ገልጠው ነቅፈውታል። ነቀፌታውም ከንቱ አልነበረም፤ ገጽ የቱንም ያህል ቢያምር ቃሉ ካልታረመ ለአንባቢ ጉድለት ነው።

ቦዶኒ በ1813 ዓ.ም. በፓርማ ሞተ። የዕድሜው ድካም የተሰበሰበበትን ባለ ሁለት ቅጽ የፊደል መጽሐፍ በ1818 ዓ.ም. ከፍጻሜ ያደረሰችው ሚስቱ ማርጌሪታ ናት።

ከእርሱ በኋላ ማስታወቂያ አታሚዎች ይህን መልክ አንድ ጊዜ አወፈሩት፣ አንድ ጊዜም አጠበቡት። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ ፊደል አውጪዎች እንደ አዲስ ሲቀርጹት ጠባብ ዓይነትም ወጣለት። ጠባብና ረጅም ፊደል በአንድ የጋዜጣ ዓምድ ውስጥ ብዙ ቃል ሳያንስ እንዲቆም ስለሚያስችል ለርእስ ተፈላጊ ሆነ። የቦዶኒ መቅረጫዎች ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በፓርማ በስሙ በተከፈተው ቤተ መዘክር ይታያሉ።

በሌላው ፈለግ መጀመር ነውር አይደለም፤ ቦዶኒን ታላቅ ያደረገው ከዚያ አልፎ መሄዱ ነው።