ጆን ስኮት ሃልዴን

ጆን ስኮት ሃልዴን (እ.ኤ.አ. 1860 – 1936) ስኮትላንዳዊ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በተለመደው ሁኔታ የሰውን አተነፋፈስ የሚወስነው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መሆኑን በማሳየቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኤድንብራ ተወልዶ እዚያው ሕክምና ተማረ፤ በ1884 ተመረቀ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ግን ኦክስፎርድ አሳለፈ። አደገኛ አየሮችን ብዙ ጊዜ የሚሞክረው በራሱ ላይ ነበር። በ1890ዎቹ ከሎሬን ስሚዝ ጋር በታሸገ ሳጥን ውስጥ እየገባ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍስ ነበር። የተቃጠለው አየር ሲጠራቀም ቁና ቁና መተንፈስ ይጀምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኬሚካል ሲወገድ ግን ኦክስጅኑ በጣም እስኪቀንስ ድረስ ይህ አይታይም ነበር።

በ1905 ሃልዴንና ጆን ፕሪስትሊ ነገሩን በቁጥር አስቀመጡት። ተመርማሪው በረጅም ቱቦ ውስጥ አየሩን በኃይል አስወጥቶ የቱቦውን አፍ በምላሱ ይዘጋል፤ አፉ አጠገብ የሚቀረው አየር ከሳንባ ጥልቅ ክፍል የወጣ ነው። በዚህ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ0.2 በመቶ ብቻ ሲጨምር፣ ያረፈ ሰው የሚተነፍሰው አየር እጥፍ ይሆናል። ዘዴው እጅግ ቀላል ነው፤ መሣሪያውም ከቱቦ ብዙም አያልፍም።

የነርቭ ሕሙማን አተነፋፈስ ምርመራ የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው። የአንጎል ግንዱ በስትሮክ ወይም በሌላ ሕመም የተጎዳ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቢጨምርም አተነፋፈሱን ላያፋጥን ይችላል፤ አደጋው በተለይ በእንቅልፍ ላይ ይበረታል። በ1967 በቀረበው የሪድ ዘዴ በሽተኛው 7 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ቀሪው ኦክስጅን ከሆነበት ከረጢት ለጥቂት ደቂቃዎች መልሶ መላልሶ ይተነፍሳል፤ ጋዙ ሲጨምር አተነፋፈሱ ምን ያህል እንደሚጨምር በግራፍ ይነበባል። ውጤቱ ዝቅ ቢል ግን ጥፋቱ የአንጎል ነው ማለት አይደለም። ትእዛዙ በትክክል ደርሶ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ደክመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ቱቦው ለቅጽበት ተዘግቶ በመጀመሪያው 0.1 ሰከንድ አፍ ላይ የሚፈጠረውን ግፊትም ይለካሉ።

ሃልዴን በከሰል ማዕድን ፍንዳታ ከሞቱት ሠራተኞች ብዙዎቹን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን በ1896 አሳይቷል፤ ጋዙን ቀድማ እንድታሳውቅ ካናሪ የተባለችውን ወፍ ወደ ጉድጓድ ይዞ መግባትንም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። የጠላቂዎች መውጫ ሰንጠረዡ በ1908 ታተመ። በሙቀት የሚታመሙ የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞችን ለመመርመር ወደ ፋርስና ኢራቅ ተጉዞ እንደተመለሰ በመጋቢት 1936 ኦክስፎርድ ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። የባዮሎጂ ሊቁ ጄ.ቢ.ኤስ. ሃልዴን ልጁ ነው።